ታፔላውና ግንቡ፦ በአራዳና በፒያሳ የንግድ ቤት ሰሌዳ አለዋወጥ ታሪክ

ስለ አንድ የቆየ ሕንፃ የተጠየቀ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚመረምረው መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። ከበሩ በላይ ስለ ተሰቀለው ታፔላ የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ታፔላ የነጋዴውና የቀለም ቀቢው ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራልና። ይሁን እንጂ በንግድ መንገድ ላይ የአንድ ሕንፃ ፊት ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚለወጠው በዚሁ በታፔላው ነው። ጣሪያው አርባ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በሩና መስኮቱ ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ ታፔላው ግን ተከራይ በተለወጠ፣ አዋጅ በታወጀ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይወርድና ሌላው ይሰቀላል። በወረደና በተሰቀለ ቁጥርም ግንቡ ይበሳል። ስለዚህ ታፔላ ሁለት ታሪክ አለው፤ አንደኛው በላዩ የተጻፈው ነው፤ ሁለተኛው ከጀርባው በግንቡ ላይ የተወው ጠባሳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም አያይዘን ለመመልከት እንሞክራለን፤ መስካችንም በአዲስ አበባ የአራዳና የፒያሳ አካባቢ ይሆናል።

ቃሉ ራሱ የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። «ታፔላ» የምንለው ጣልያኖች «ታቤላ» ከሚሉት የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ሰሌዳ ማለት ነው። «ፒያሳ»ም እንዲሁ አደባባይ ማለት ነው። «ሰሌዳ» የሚለው የራሳችን ቃል እያለ ሕዝቡ «ታፔላ»ን መምረጡ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ሰሌዳ የተማሪ ቤት ዕቃ ነው፤ ታፔላ ግን ከመንገድ ወደ ላይ አንጋጠው የሚያዩት ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ስሙን ያገኘው ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የቤት ቁጥር ብዙም በማይነገርባት ከተማችን፣ በአንድ ወቅት የአንድ ድርጅት የነበረ ስም ድርጅቱ ከጠፋ በኋላ የሰፈርና የታክሲ መቆሚያ ስም ሆኖ ይኖራል። በመሆኑም ታፔላን ማውረድ ማለት አንዳንድ ጊዜ አድራሻን ማውረድ ማለት ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በለንደንና በፓሪስ የቤት ቁጥር ከመለመዱ በፊት ሱቅ የሚታወቀው በሥዕል ታፔላው ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ሰው አንበሳውን ወይም ቁልፉን አይቶ ይገባል። ነጋዴ ከነጋዴ ሲፎካከር ታፔላው እየከበደ፣ የብረት ክንዱም ወደ መንገዱ እየረዘመ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1718 በለንደን ፍሊት ስትሪት አጠገብ፣ ብራይድ ሌን በተባለው መንገድ ላይ አንድ ከባድ ታፔላ የተሰቀለበትን የቤት ፊት ይዞት ወድቆ አራት ሰዎች ሞቱ። ለመሐንዲስ አስተማሪ የሆነው ነገር የወደቀው ታፔላው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ግንቡም አብሮ ወረደ። በፓሪስ የፖሊስ ሹም የነበረው ሳርቲን እ.ኤ.አ. በ1761 ባወጣው ትእዛዝ ታፔላዎች ሁሉ ከግድግዳ ጋር ተለጥፈው እንዲቀመጡ፣ ወደ መንገድም ከአራት የፈረንሳይ ኢንች፣ ማለትም ከ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጡ አዘዘ። በለንደንም በዌስትሚንስተር እ.ኤ.አ. በ1762 በወጣው የመንገድ ማንጠፊያ ሕግ ተመሳሳይ ነገር ተደነገገ፤ የቤት ቁጥርም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እየተስፋፋ ሄደ። እነዚህ ሕጎች የወጡት ስለ ቅርስ ታስቦ አልነበረም፤ ስለ ሰው ሕይወት፣ ስለ ብርሃንና ስለ አየር ነበር።

ስለ ቅርስ የታሰበው በሃያኛው ምእተ ዓመት ነው። ከዚህ ረገድ የሚጠቀሰው በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ቪዩ ካሬ የተባለውን የፈረንሳይና የስፔን ዘመን ሰፈር የሚጠብቅ ኮሚሽን እንዲቋቋም እ.ኤ.አ. በ1936 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ተሻሻለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፐርጋመንት የተባለ የነዳጅ ማደያ ባለቤት ያለ ፈቃድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አቁሞ ተከሰሰ። የመከላከያው ሐሳብ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም፤ «የእኔ ማደያ ትናንት የተሠራ ነው፣ ታሪክም ጥበብም የለበትም፣ ታዲያ የጥንት ሕንፃ ሕግ እኔን ምን ይመለከተኛል?» የሚል ነበር። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1941 ክርክሩን አልተቀበለውም። ሕጉ የሚጠብቀው እያንዳንዱን አሮጌ ቤት ለየብቻው ሳይሆን የሰፈሩን አጠቃላይ መልክ እንደ ሆነ፣ በአዲስ ቤት ላይ የሚቆም ሰሌዳም የጎረቤቱን አሮጌ ቤት መልክ ሊያበላሽ እንደሚችል አስረዳ። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ግልጹ ይህ ነው። በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ደግሞ ጌትራይደጋሰ በተባለው ጠባብ መንገድ የጥንት የእጅ ባለሙያዎች የብረት ታፔላዎች እስከ ዛሬ ተሰቅለው ሲታዩ፣ ዛሬ የሚከፈት የዓለም አቀፍ ምግብ ቤት እንኳ ስሙን በዚያው በተቀጠቀጠ ብረት ወግ አሠርቶ ይሰቅላል። ፓሪስ ያወረደችውን ሳልዝቡርግ ጠበቀችው፤ ሁለቱም ግን ታፔላን የመንገዱ ሁሉ ጉዳይ አድርገው ተመልክተውታል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በገበያው ዙሪያ የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን በድንጋይና በጭቃ፣ ሰገነቱን በእንጨት፣ ጣሪያውን በቆርቆሮ እየሠሩ ተደረደሩ። ሚናስ ከርበኪያንን የመሰሉ አርመናውያን የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች በዚህ አካባቢ ብዙ ሥራ ሠርተዋል፤ ከነጋዴዎቹም መካከል ማቲግ ኬቮርኮፍና የሕንዶቹ የሞሐመዳሊ ኩባንያ ስማቸው የገነነ ነበር። የምድር ባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ስለ ነበረ የዘመኑ የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ «ሊ ኩሪዬ ዴትዮፒ» የተባለው ጋዜጣም በዚሁ ቋንቋ ይታተም ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ አማርኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ።

የስም ለውጥ ታሪክን እንደ ባንኩ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም። በ1898 ዓ.ም. የካቲት ወር ዳግማዊ ምኒልክ በተገኙበት የተመረቀው ባንክ ስሙ «የአቢሲኒያ ባንክ» ነበር፤ ፈቃዱም ለ50 ዓመት ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ የተሰጠ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ መንግሥት 235,000 ፓውንድ ካሣ ከፍሎ ባንኩን ገዛና በ1923 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ባንክ» አሰኘው። በላዩ የተለወጠው አንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን «አቢሲኒያ» ሌሎች እኛን የጠሩበት፣ «ኢትዮጵያ» ደግሞ እኛ ራሳችንን የጠራንበት ስም ነውና ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ከጠላት ወረራ በኋላ «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. እርሱም ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግል ባንክ ሲቋቋም «አቢሲኒያ ባንክ» የሚለውን ስም መረጠ። በ1923 ዓ.ም. እንደ ባዕድ ስም የወረደው ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ እንደ ክብር ስም ተመልሶ ወጣ ማለት ነው።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሽስት ጦር ከተማይቱን በቀለምና በዘር ከፋፍሎ ሊሠራት አቀደ። የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ «መርካቶ» የምንለው እርሱ ነው። የቀድሞው የገበያ ቦታ «ፒያሳ» ተባለ። የሞሐመዳሊ ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሱቁ ሲዘጋ ሰሌዳው መውረዱ፣ ሰሌዳው ሲወርድም በቦታው የጣልያንኛ ሰሌዳ መውጣቱ ያው የወረራው አንድ ክፍል ነበር። በዚያ ዘመን ታፔላ መስቀል ስለ ንግድ ብቻ የሚደረግ ሥራ አልነበረም፤ ይህ መንገድ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ በትልልቅ ፊደል የሚሰጥ መልስ ነበር።

ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን ስናይ ግን የሕዝባችን ጠባይ ይገርማል። የጣልያንኛ ቃላት ሁሉ ተጠርገው አልጠፉም። ንጉሠ ነገሥቱ በአገር የቀሩ ጣልያኖች እንዳይነኩ ባዘዙት መሠረት ብዙ የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ፒያሳ ፒያሳ ሆኖ ቀረ። በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተው የቡና ቤት «ቶሞካ» ሲባል የሚሰማ ሁሉ የአገር ስም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚሉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ሲሆን ዘመናዊ የቡና መቁያ ቤት እንደ ማለት ነው። ከዚሁ ጋር እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። አሥመራ የሚገኘው በ1929 ዓ.ም. ማርዮ መሲና የነደፈው ሲኒማ ቤት «ኢምፔሮ» የሚለውን ስሙን ከላይ ወደ ታች በተደረደሩ ፊደላት እንደ ያዘ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በፒያሳ ደግሞ ሲኒማው «ኢምፓየር» ሲባል ኖሯል። ያ ቃል በአንድ ወገን የሙሶሊኒን ግዛት፣ በሌላ ወገን የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ያስታውሳል፤ የኢምፓየሩ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ሰዉ ፊልም ለማየት ቲኬት የሚቆርጠው በዚያው ስም ነበር።

በዚሁ ዘመን በመብራት የሚጻፍ ታፔላ መጣ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ ያሳየው የኒዮን መብራት በብዙ ሺህ ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ከጀርባው ትራንስፎርመርና ወፍራም መሸፈኛ ያለው ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህን በእንጨት ሰገነት ላይ መስቀል ከባድ ኃላፊነት እንደ ሆነ ለሙያው ሰው መንገር አያሻም። ለዐይን ግን ያማረ ነበር፤ የመስታወቱ ቱቦ በእሳት ተለስልሶ በእጅ የሚታጠፍ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ፊደል የሠሪውን እጅ ይመስላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለእኛ ጉዳይ የዚህ ውጤት ከሚታሰበው በላይ ጥልቅ ነው። ቀደም ሲል በፒያሳ ታፔላውን የሚሰቅለውና ግንቡን የሚያድሰው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ ታፔላውን ሲሰቅል የራሱን ግንብ እንደሚበሳ ያውቃል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ታፔላው የተከራዩ፣ ግንቡ የመንግሥት ሆነ። ተከራዩ ነገ እንደሚለቅ ያስባል፤ ጽሕፈት ቤቱ ኪራዩን እንጂ የብሎኑን ቀዳዳ አይቆጥርም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ በአንድ የሱቅ ፊት ላይ አምስትና ስድስት ሰሌዳ ሲፈራረቅ የግንቡን ጤንነት የጠየቀ ማንም አልነበረም። ስለ ርእዮተ ዓለሙ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ በግንቡ ላይ የደረሰው ግን ይህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ ሲስፋፋ የእጅ ጽሑፍ ታፔላ በኮምፒዩተር በተቆረጠ ፕላስቲክ፣ ከዚያም በታተመ ሸራ፣ ኋላም «አሉኮቦንድ» እያልን በምንጠራው የአሉሚኒየም ድርብ ሉህ ተተካ። ይህ ሉህ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳዎችን በመካከላቸው ባለ ፕላስቲክ የሚያጣብቅ ነው። ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በፍጥነት ይሠራል። ጉድለቱም በዚያው መጠን ነው፤ መካከሉ ተራ ፖሊኤቲሊን የሆነው ዓይነት እሳት ሲነካው ያለውን አደጋ እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተው ዓለም ዐይቷል። በተጨማሪም ሥራው ርካሽ በመሆኑ ነጋዴው ለስሙ ከሚያስፈልገው በላይ ይሸፍናል፤ ሰሌዳው ከበሩ ራስ ተነሥቶ እስከ ላይኛው መስኮት ደፍ ሲደርስ፣ የድንጋዩ ቅስት፣ የሰገነቱ እንጨት፣ የሠሪው ጌጥ ሁሉ ከበስተጀርባ ይቀራል።

እስቲ ግንቡ የሚሸከመውን እናስላ። ስድስት ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው ሰሌዳ 7.2 ካሬ ሜትር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ መነሻ የነፋስ ፍጥነት በሴኮንድ 22 ሜትር ሲሆን፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ ግራም ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚህ የሚገኘው ግፊት በካሬ ሜትር 227 ኒውተን ገደማ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ሲደመር ከ1,600 ኒውተን ያልፋል፤ የአቀማመጥና የቅርጽ ማባዣዎች ሲታከሉ እጥፍ ቢሆን አያስደንቅም። ይህም ሦስት መቶ ኪሎ ግራም የሚያህል ጉተታ ነው። ወደ መንገድ ለሚወጣ ሰሌዳ ነገሩ ይብሳል፤ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰሌዳ የክብደት ማእከሉ ከግድግዳው አንድ ሜትር ቢርቅና የላይኛውና የታችኛው ብሎን በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኛው ብሎን ነፋስ ሳይኖር 150 ኪሎ ግራም ይጎተታል። ለኮንክሪት ይህ ምንም አይደለም። በጭቃ ለተያያዘ ድንጋይ ግን ብሎኑ ድንጋዩን አጥብቆ ቢይዝም፣ ድንጋዩን አጥብቆ የያዘው የለም። ብራይድ ሌን የሆነው ይኸው ነው።

ዝገቱም አለ። ብረት ሲዝግ መጠኑ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ በድንጋይ ውስጥ የተረሳ የብሎን ቁራጭ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቃል። አሮጌውን ብሎን ከግንቡ አፍ በመጋዝ ቆርጦ ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ አሠራራችን ነው፤ ሲሚንቶው ርጥበቱን ወደ ውስጥ ስለሚያግደው ዝገቱን ይመግበዋል እንጂ አያቆመውም። በክረምት ዝናብ በምትታጠብ ከተማ ውስጥ ይህ አሠራር ባይቀጥል ይበጃል።

በ2013 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በፒያሳ በአንድ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ የጫማ ሱቅ ታፔላ ለመለወጥ ንድፍ እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ ነበር። የታተመው ሸራና የብረት ክፈፉ ሲወርድ ከበስተኋላው በዘይት ቀለም የተጻፈ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተገኘ፤ ጽሑፉ «ኅብረት ሱቅ» ይላል። ቆርቆሮው ሲነሣ ደግሞ በኖራ ልስኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፉ የላቲን ፊደላት ብቅ አሉ፤ ከጣልያንኛው ቃል የተረፈው መጨረሻው፣ «ሪያ» የሚለው ብቻ ነበር፤ የቀረውን ብሎን በልቶታል። በስድስት ሜትር ርዝመት ውስጥ 31 ቀዳዳ ቆጥረናል፤ ከእነዚህ መካከል በዘጠኙ ዙሪያ ድንጋዩ ተሰንጥቋል።

ሱቁን የተከራዩት በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ነበሩ። ፊደሉ ሳይሸፈን እንዲቆይ፣ አዲሱ ታፔላም ጠበብ እንዲል ስንለምናቸው፣ «ኢንጂነር፣ እኔ የምሸጠው ጫማ ነው፤ ደንበኛዬ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ካላነበበኝ ቤተሰቤን ምን ላብላ?» አሉ። ንግግራቸው ትክክል ነበር። ከመንገድ ማዶ ለመነበብ የሚያስፈልገው ግን የሰሌዳው ስፋት አይደለም፤ የፊደሉ ቁመትና በቀለሞቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሃያ ሜትር ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የአማርኛ ፊደል ከበቂ በላይ ነው። ይህንን በካርቶን ቆርጠን ግንቡ ላይ አስደግፈን፣ እርሳቸውም ማዶ ቆመው ካነበቡት በኋላ ተስማሙ። ታፔላው ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሁለት አግድም ብረት ላይ ተሠራ፤ በስምንት የማይዝጉ ብሎኖች ተያዘ፤ አራቱ በድሮ ቀዳዳ፣ አራቱ በድንጋይና በድንጋይ መጋጠሚያ ገቡ፤ ከግንቡም አምስት ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ተደረገ። ሰማያዊው ፊደል ሳይፋቅ በስስ ኖራ ተሸፈነ፤ ወደ ፊት የሚፈልገው ሰው በቀላሉ እንዲያጥበው ነው።

ያ ሕንፃ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ በርካታ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ከተራው ጋር ፈርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። የመንገዱ መስፋትና የፍሳሽ መስመሩ መሠራት ለከተማይቱ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ መሐንዲስ የለም። ይሁን እንጂ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የፈረሰውን በወግ ለመመዝገብ ዓመታት ይፈጃል፤ ብዙዎቹም ሳይመዘገቡ ፈርሰዋል። የታወቁ ሕንፃዎች በመዝገብ ውስጥ ስላሉ በስም የሚጠራቸው ሰው አያጡም። መዝገብ ውስጥ ያልገባው ተራው የሱቅ ፊት ነው፤ የፐርጋመንት ክርክር ስለ ምን እንደ ነበረ በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ተራው ከሄደ በኋላ ብቻውን የቀረው ቅርስ የሰፈሩን ታሪክ ብቻውን ሊናገር አይችልም።

አሁን በቆሙት ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ታፔላ ሲለወጥ ወደ የትኛው ዘመን እንመልሰው? አንዳንዶች ሕንፃው በተሠራበት ዘመን እንደ ነበረው ይሁን ይላሉ። ይህ ለጣሪያና ለመስኮት ይሠራል፤ ለታፔላ ግን አይሠራም። የሌለን የግሪክ ነጋዴ ስም ጽፎ ጫማ መሸጥ ቲያትር ነው፤ የወራሪውን ሰሌዳ አዲስ አሠርቶ መስቀል ደግሞ ከቲያትርም የከፋ ነው። በእኔ እምነት የዛሬው ነጋዴ በዛሬ ስሙ፣ በራሱ ፊደል፣ በግንቡ ልክ ይጻፍ፤ የድሮው ጽሑፍ ተገልጦ ከተገኘ ሳይፋቅ ባለበት ይቆይ። የወራሪው ጽሑፍም ቢሆን ተገኝቶ ከሆነ አይፋቅ፤ ማን እንደ መጣና እንደ ሄደ የሚመሰክር ነውና። ሁሉንም ታፔላ በአንድ ቀለምና በአንድ ቁመት እንዲሆን ማዘዝን ግን አልደግፍም። በአራዳ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና ጉራጌው ነጋዴ ጎን ለጎን ሲሠሩ ታፔላቸው አንድ መልክ ኖሮት አያውቅም።

በሕጉ በኩል በአንድ ታፔላ ላይ ሦስት አዋጅ ይገናኛል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ የሕንፃ አዋጅ እና የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004። ሦስቱ በየራሳቸው መሥሪያ ቤት ስለሚፈጸሙ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ሲያታክተው ሌሊት ሰቅሎ ያድራል። አቤቱታው ተገቢ ነው። ነገሩ ይቃለል ከተባለ መነሻው ከሙያችን ይሁን፤ ለአንድ ታፔላ ለውጥ የሚያስፈልገው ሰነድ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም።

በእነዚያ ሁለት ገጾች ላይ የሚገባው ይህ ነው። የሕንፃው ፊት ከነልኩ በ1 ለ20 ይሳል፤ ነባሮቹ ቀዳዳዎች ሁሉ በየቦታቸው ይመልከቱ። የአሮጌው ሰሌዳ ጽሑፍ በየቋንቋው እንዳለ ይገልበጥ፤ በየትኛው ዕቃና ቀለም እንደ ተሠራ ይጻፍ። አሮጌው ብሎን በመጋዝ አይቆረጥ፤ ተነቅሎ ይውጣ፣ ካልወጣም ዙሪያው ተቦርቡሮ ይውጣና ቀዳዳው በኖራ ይደፈን። አዲሱ የሚገባው በመጋጠሚያው ላይ እንጂ በድንጋዩ ላይ አይሁን። የመብራቱ ሽቦ በእንጨት ሰገነት ላይ አይሂድ፤ የዛሬው የኤል.ኢ.ዲ. መብራት በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትራንስፎርመሩን ከቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰሌዳው ሲወርድ፣ አዲሱ ሳይሰቀል፣ ግንቡ ባዶውን ባለበት ሰዓት ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በእያንዳንዱም ላይ ቀኑ፣ የመንገዱ ስምና የሱቁ ተራ ቁጥር ይጻፍበት።